ስምንት ሄልሜት በዕጣ

፩

«ዕጣ ይውጣ!» አሉ ጋሽ ዘርጋው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

ትርንጎ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ራስን በዕጣ!

፪

ይቅርታ አንባቢ፤ ትርንጎ ስትናደድ ከመሀል ነው የምትጀምረው፣ እኔም እሷን ተከትዬ ከመሀል ገባሁ። ትርንጎና ደምመላሽ እንግዳ ገደል የሚያወጡ አስጎብኚዎች ናቸው። እሱ ቀድሞ ይወጣል፤ እሷ ከታች ገመዱን ትይዝለታለች። ባለፈው ጥቅምት ቡጢ የሚያህል ድንጋይ ከላይ ወርዶ ግንባሩን ፈነከተው። ሰባት ቦታ ተሰፋ። ደሙን በሻርፗ ያፈነችው እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ የአስጎብኚዎቹ ማኅበር ደጅ ሲጠና ከርሞ ለስምንት አባላት ስምንት ሄልሜት አገኘ፦ ሦስት ትንንሽ፣ ሦስት መካከለኛ፣ ሁለት ትልልቅ።

፫ ሄልሜት እንዴት ይመረጣል

ሀ. ከቅንድብህ ሁለት ጣት ከፍ አድርገህ ክር በራስህ ዙሪያ አዙር። ክሩን ለካ።

ለ. ማሰሪያውን ሳትቆልፍ ሄልሜቱን አጥልቅ። ጎንበስ በል። ራስህን ነቅንቅ። ከወደቀ ያንተ አይደለም።

ሐ. አናትህ ላይ ጉብ ብሎ ግንባርህን ካልሸፈነም ያንተ አይደለም።

መ. ቆልፈው። በአገጭህና በማሰሪያው መሀል አንድ ጣት ብቻ ይግባ።

ሠ. ከሀ እስከ መ ድረስ «ዕጣ» የሚል ቃል አይተሃል?

እኔም አላየሁም።

፬ የዕጣው ውጤት

ደምመላሽ፣ የራስ ልክ ስድሳ አንድ ሴንቲሜትር፦ ትንሽ።

ትርንጎ፣ ሃምሳ ሦስት፦ ትልቅ።

ጋሽ ዘርጋው፣ ገደል ወጥተው የማያውቁ ሊቀመንበር፦ መካከለኛ።*

* ይህ ሄልሜት ዛሬም ቢሮ ውስጥ ከቀን መቁጠሪያው ጎን ተሰቅሏል። እስካሁን የወደቀበት አቧራ ብቻ ነው።

፭ ቃለ ጉባኤው ላይ ያልሰፈረ

ትርንጎ፦ ጋሽ ዘርጋው፣ ይሄ እኮ የቀበሌ ስኳር አይደለም! በየልካችን ይስጡን እንጂ!

ዘርጋው፦ እኔ መርጬ ባድል «አዳላ» ልትሉኝ አይደል? ዕጣ ማንንም አያስቀይምም።

ትርንጎ፦ ድንጋዩስ? ዕጣ አይቶ ነው የሚወርደው?

ዘርጋው፦ በቃ ልጄ፣ የወጣ ዕጣ አልሽርም። የተስማማ ይቀያየር።

ትርንጎ፦ ደሜ፣ በል አምጣ፣ እንቀያየር።

ደምመላሽ፦ አልቀይርም።

ትርንጎ፦ ምን ሆነሃል አንተ?

ደምመላሽ፦ አባቴ በዕጣ የደረሰውን መሬት ከጎረቤት ጋር ቀይሮ ቋጥኝ ሲያርስ ኖረ። እግዜር የሰጠኝን አልመልስም።

፮

ማክሰኞ ጠዋት፣ ገደሉ ሥር። ሄልሜቱ ደምመላሽ አናት ላይ ጋን ላይ እንደተደፋ ዋንጫ ጉብ ብሏል። ከሥሩ ጠባሳው ከነርዝመቱ ይታያል።

«እስቲ ሳትቆልፈው ጎንበስ በል» አለችው።

ጎንበስ አለ። ሄልሜቱ ተንከባሎ እግሯ ሥር አረፈ።

«ግድ የለም፣ ማሰሪያው ይይዘዋል» አላት።

ደሟ ፈላ። በጋሽ ዘርጋው ተናደደች፤ በባርኔጣቸውም ተናደደች። ከሁሉ በላይ ግን በዚህ እንደ ወንድሟ በምትወደው ግትር ተናደደች። ያ ሻርፕ ስንቴ ይታጠብ?

፯

አልቀይርም።

እግዜር የሰጠኝን።

አልቀይርም።



እሺ።

፰

ጀርባዋን ሰጠችው። ከማስታወሻዋ ወረቀት ቀደደች፣ ጻፈች፣ ሁለቱን ቁራጭ ጠቀለለችና ትልቁ ሄልሜት ውስጥ ጣለቻቸው።

«ዕጣ ካልክ ዕጣ ነው። አውጣ።»

«ወጥቶ የለ እንዴ?»

«ያኔ ስምንት ነበርን፤ አሁን እኔና አንተ ብቻ ነን። ትንሹን የሰጠህ እግዜር ከሆነ መልሶ እሱኑ ያወጣልሃል። ምን አስፈራህ?»

ደምመላሽ ጥቂት አሰበ። አማተበና አንዱን አወጣ።

«ትልቅ» ይላል።

ፊቱ በራ። «አየሽ? እሱ ሲሰጥ እንዲህ ነው!»

ሌላዋን ጥቅል ድንጋይ ላይ አራግፎ ሄልሜቱን አጠለቀ። ጎንበስ አለ፣ ራሱን ነቀነቀ፤ ሄልሜቱ ንቅንቅ አላለም። ጠባሳው ተሸፈነ። ትርንጎ ማሰሪያውን ቆልፋ አንድ ጣቷን አስገብታ ሞከረችው።

«ያንቺንም ክፈቺዋ» አላት እየሳቀ።

የቀረችውን ጥቅል አንስታ አፏ ውስጥ ወረወረቻት። አላመጠች። ዋጠች።

«ውጣ፣ ፀሐይ ሳይበረታ» አለችና ገመዱን ጨበጠች።

፱ አንባቢ የሚሞላው ቅጽ

ስም፦ ትርንጎ

የራስ ልክ፦ ሃምሳ ሦስት ሴንቲሜትር

የደረሳት ሄልሜት፦ ትንሽ

የተዋጠው ወረቀት ላይ የተጻፈው፦ ....................