የጎረምሳው ጭረት

አባባ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ምግብ የሚባል ነገር አልቀምስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ማንኪያ ሾርባ ይወስድና ከንፈሩን ይገጥማል። እለምነዋለሁ፣ እቆጣዋለሁ፣ አንዳንዴም ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ እወጣና በረንዳ ላይ ቆሜ አለቅሳለሁ። ሐኪሙ እቅጩን ነግሮኛል፤ በባዶ ሆድ የሚዋጥ ኪኒን ምንም አይፈይድለትም፣ እንዲህ ከቀጠለ አይከርምም።

አንድ ቀን አፉን ከፈተ። ለሾርባው ግን አልነበረም።

"ጎረምሳው ይነሳልኝና እበላለሁ" አለ።

ጎረምሳው ሞተር ሳይክሉ ነው። አባባ ደብዳቤ ሲያድልበት የኖረ፣ እናታችንን በሕይወት ሳለች አፈናጦ የዞረበት፣ እውነቱን ለመናገር ከእኛ ከልጆቹ ይበልጥ ያቆላመጠው ሞተር። ዓይኑ ሲደክም መጋዘን ውስጥ አቆመው እንጂ አልተወውም። አመሻሽ ላይ ሸራውን ይገልጥና አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀምጦ ጎኑን በአውራ ጣቱ ሲደባብሰው ይቆያል። ኋላ እሱም አልጋ ላይ ዋለ፣ የመጋዘኑም ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ፣ ጎረምሳውም በሰበሰ።

ነገሩን ያንኑ ዕለት ለወንድሜ ነገርኩት። በነጋታው ጎረምሳውን ጭኖ ወደ ሥራ ቦታው ወሰደው።

ወንድሜ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሠሪ ነው። ያሠራው ሁሉ ይመርቀዋል፤ አብሮት የኖረ ግን መከራውን ያያል። ጭረት ያለበት መስኮት ከሚያስረክብ ጣቱ ቢቆረጥ ይመርጣል። እኛ ቤት እኮ የሻይ ማንኪያ እንኳ ደብዝዞ አያድርም። እና እንዲህ ያለ ሰው እጅ ላይ ጎረምሳው ወደቀ።

መለዋወጫ ፍለጋ ያልረገጥነው ሰፈር የለም። የወላለቁ ሞተሮችን የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ካርቡሬተሩን አገላብጠው አዩና፣ "ልጆቼ፣ ይሄ እኮ የእኔ እኩያ ነው፤ እኔም ለራሴ ጉልበት መለዋወጫ እየፈለግኩ ነው" ብለው ሳቁብን። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አባባ በዚያ ጠዋት አንድ ማንኪያ ብቻ ነበር የቀመሰው። ሽማግሌው ፊቴን አይተው ይሁን አላውቅም፣ ከቁልሉ ሥር ገብተው አቧራ በአቧራ ሆነው ካርቡሬተር ይዘው ወጡ። ወንድሜ እዚያው ሳለን የጭስ ማውጫ ማርሚታም ጨመረ፤ የድሮው ተበስቶ እንደ ሳምባ በሽተኛ ያስል ነበር። መቀመጫውን አዲስ ቆዳ አለበሰው። የመሪው እጀታ ጎማም ደርቆ ተሰነጣጥቋል ብሎ ቀየረው።

ሞተሩ ተነሳ። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

"ይሄን ይዤ አባባ ፊት አልቀርብም" አለኝ ወንድሜ። የሞተሩ የጎን ክዳን አሉሚኒየም ነው፤ እርጥበት በልቶት ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ተቦዳድሷል። እንዲህ ያለው ጉድጓድ አይሞላም አሉ፤ ዙሪያውን ያለውን ብረት እስከ ጉድጓዱ ወለል ድረስ ማውረድ ነው መላው። መጀመሪያ በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በለስላሳው፣ ከዚያ በውሃ፣ በመጨረሻ ድሪል ላይ በታሰረ ጨርቅ እና በማበሻ ቅባት። ይፍቀዋል፣ ያየዋል፣ ይሰድበዋል፣ እንደገና ይፍቀዋል።

"አባባ እኮ አያይም" አልኩት።

"እኔ አያለሁ" አለኝ።

"ሰውየው በረሃብ እያለቀ አንተ ታሽሞነሙናለህ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ በዱቄት ቀልቷል። "ሌላ ምን ላድርግለት? ንገሪኛ። ሐኪም አይደለሁ" አለ። ዝቅ አለና ክዳኑን አሳየኝ። "አብዛኛው ለቋል። እቺ ጥልቅ ጭረት ብቻ እምቢ ብላኛለች። ግን አለቃትም።"

በሚቀጥለው ስሄድ ጭረቷ የለችም። ክዳኑ ላይ ፊቴን አየሁበት፤ ከስቻለሁ።

ጎረምሳውን ያመጣን ቀን አባባ ጢሜን ላጩልኝ አለ። እኔው ላጨሁት። ኮቱን ደርቦ፣ ክንዴን ይዞ ግቢ ወጣ። ሾርባውን ምድጃ ላይ ጥጄ ነበር። ወንድሜ ሞተሩን ረገጠው፣ በአንዴ ተነሳ፤ ድምፁ ልስልስ ያለ፣ የተገራ። አባባ አንገቱን ሰበር አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ መሪውን ያዘ፣ ለቀቀው፣ መቀመጫውን ዳሰሰ፣ ጎንበስ አለና አውራ ጣቱን ክዳኑ ላይ አሳረፈ። ጣቱ ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ታች ሄደ። ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ።

"የእናታችሁ ጭረት የታለ?" አለ።

ወንድሜ ሞተሩን አጠፋው።

"እናንተ ሳትወለዱ ነው" አለ አባባ። "ሳትነግረኝ ልትለማመድ ወጥታ ከበሩ ጋር አላተመችው። ልቆጣ ስደርስ መሬት ተቀምጣ ትስቃለች። እሷ የጫረችው እዚህ ጋ ነበር።" ጣቱን አነሳ። "ሸጣችሁታል ማለት ነው። ይሁን፣ ቸግሯችሁ ነው፣ አልቀየማችሁም። ግን የሰው ሞተር አምጥታችሁ አታታሉኝ።"

"አባባ፣ አንተን ይንሳኝ፣ እሱ ነው" አለ ወንድሜ።

"እጀታው?"

"ቀየርኩት።"

"ድምፁስ?"

"ማርሚታው ተበስቶ ነበር..."

"ጭረቱስ?"

ወንድሜ ከዕቃ ሳጥኑ ጠመንጃ መፍቻ ነጠቀና ጫፉን ያ የሚያብረቀርቅ ክዳን ላይ ተከለው። ከጭረት ጣቱ ቢቆረጥ የሚመርጥ ሰው፣ ጭረት የሚያመው ሰው። "የት ጋ ነበር? ከላይ ወደ ታች ነው? አባባ፣ ንገረኝ፣ የት ጋ ነበር?" ይላል። ብረቱ ሲጮህ ጥርሴን አንገሸገሸኝ። ክንዱን ይዤ ጎተትኩት፣ አልቻልኩትም።

"ተው" አለ አባባ። በድምፁ ተመርቶ መጣና የወንድሜን እጅ ያዘው። መዳፉን ገለበጠ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሳቸው፤ ጥፍሩ እስከ ሥጋው አልቋል፣ ጫፋቸው ተልጦ ደርቋል፣ ተልጦ ደርቋል።

"ምን ነካህ?"

"የብርጭቆ ወረቀት ነው።"

አባባ የተላጡትን ጣቶች በሁለት መዳፉ ሸፈናቸው።

"እሱ ነው" አለ በመጨረሻ። "አሁን አወቅኩት። በይ ልጄ፣ ያን ሾርባ አምጪው።"

ሳህኑን ጨረሰ። ወንድሜ እንደ ልጅ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ፣ "አወቀው፣ አየሽ አይደል፣ አወቀው" ይለኛል። አየሁ አልኩት። አባባ ሊገባ ሲል፣ "ሞተሩን ከዝናብ አስገቡት" አለ። ሞተሩን አለ፤ ጎረምሳውን አላለም።

አሁን የሰጠሁትን ሁሉ ይበላል። አልለምነውም፣ አልቆጣውም፤ ማንኪያው ሲደርስ አፉን ይከፍታል። ስለ ጎረምሳው ግን አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። በልቶ ሲያበቃ አውራ ጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ይሄዳል፤ እኔም ሳህኑን ይዤ ቶሎ እወጣለሁ።