ወንበር ሥር የቀረ ጫማ

ሠላሳ አንድ ዓመት በኬንያዋ ኪሱሙ ከተማ፣ ኪቡዬ ገበያ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቻለሁ። "የማማ ሮዝቤላ ስፌት ተተረተረ" ያለ ሰው የለም። እኔን የተረተረኝ እግሬ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀኝ እግሬን ከጣቶቼ ሥር፣ ፔዳሉን የምረግጥበት ቦታ ላይ፣ ፍም የረገጥኩ ያህል ያቃጥለኝ ነበር።

በመጨረሻ ተሸነፍኩ። የወንድሜን ልጅ አዎርን "ዓርብ ጋሪ ይዘሽ ነይና የስፌት መኪናዬን ውሰጂው" አልኳት። አፌ አለ እንጂ ልቤ አላለም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቴን ያቆመው እሱ መኪና ነው። ያለ እሱ ምንድን ነኝ? ዝንብ ስታባርር የምትውል አሮጊት!

ዓርብ ጠዋት ሆስፒታል ሄድኩ፤ ልታከም እንዳይመስላችሁ፣ ልጣላ ነው። ኦዊቲ የሚባል፣ ለታማሚ እግር ድጋፍ የሚሠራ ልጅ አለ። ከሁለት ወር በፊት እግሬን በጄሶ ለክቶ ጫማ ውስጥ የሚገባ ንጣፍ ሠርቶልኝ ነበር፤ ከላዩ ትንሽ ጉብታ ያለው።

"እንካ ጉብታህን!" ብዬ ንጣፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት። "ምንም አልፈየደኝም!"

አገላብጦ አየው። "ማማ፣ ይሄ እኮ እንዳዲስ ነው። አላደረጉትም አይደል?"

"ውሸታም ልታደርገኝ ነው? በየቀኑ አድርጌው እወጣለሁ፣ አድርጌው እገባለሁ!"

"መንገድ ላይ ያምዎታል?"

"መንገድ ላይስ ደህና ነኝ። ሥራ ላይ ነው የሚገድለኝ።"

ራሱን አከከ። ከዚያ ወደ ወርክሾፑ ወሰደኝ። ጥግ ላይ እንደኔው ያለ ባለፔዳል የስፌት መኪና አለ፤ የሰው ሠራሽ እግር ማሰሪያ የሚሰፉበት ነው።

"እስቲ ይቺን ማሰሪያ ይስፉልኝ። እኔ ለስፌት አልታደልኩም።"

የሱን ስፌት ሳየው እውነቱን ነው፣ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ተቀመጥኩና ስፌት ምን እንደሆነ ላሳየው ጀመርኩ። ግማሹ ላይ ስደርስ ከጎኔ ቁጢጥ ብሏል።

"ማማ፣ ጫማዎ የታለ?"

ቁልቁል አየሁ። ጫማዬ ወንበሩ ሥር ነው። መቼ እንዳወለቅኩት እኔም አላውቅ።

"ፔዳል በጫማ ይረገጣል እንዴ?" ብዬ ተቆጣሁ። "በባዶ እግርህ ካልሆነ መኪናው መሮጡን፣ መቆሙን በምን ታውቃለህ? እናቴ ስታስተምረኝም..."

ጉድ በሉ! እግሬ ቀኑን ሙሉ ባዶ ብረት ሲረግጥ፣ መድኃኒቱ ጫማዬ ውስጥ ሆኖ ወንበር ሥር ተኝቶ ይውላል!

ኦዊቲ ሳቀ፤ እኔንም ሳቄ አመለጠኝ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ስለ ጫማዎ ጠየቅኩ እንጂ ስለ ሥራዎ አልጠየቅኩም።" በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ግን መደበቄን በምን ልወቀው!

ከለስላሳ ስፖንጅ ጉብታ ቆረጠና የሚያመኝን ቦታ ዳብሶ ከሱ ወደ ኋላ አደረገው።

"እዚህ ነው እኮ የሚያመኝ!" ብዬ ከጣቶቼ ሥር እየጠቆምኩ ጮህኩ።

"አውቃለሁ። ከኋላ ሲደግፈው ሸክሙ ከሚያመው ላይ ይነሳል። ለመንገድ የጫማው፣ ለሥራ ይሄ።"

እግር ላይ የሚያስረውን ላስቲክ ራሴ ሰፋሁት፤ ለሱ እጅ አልተወውም። አሰርኩትና ፔዳሉን ረገጥኩ። እሳቱን ጠበቅኩ። ደግሜ ረገጥኩ። ትንሽ ጠዘጠዘኝ እንጂ እሳቱ የለም! ማሰሪያውን ጨርሼ "ሌላ አምጣ" አልኩት። አራት ሰፋሁለት፣ እያለቀስኩ። ተመስገን አምላኬ!

ገበያ ስደርስ አዎር መኪናዬን በገመድ ጠፍራ፣ ከጋሪው ጎን ቆማ ትጠብቀኛለች።

"ፍቺው" አልኳት።

"አክስቴ፣ ምን ሆነሻል?"

"ፍቺው አልኩሽ! ጋሪው ባዶውን አይመለስም፣ የሰፋኋቸውን ዩኒፎርሞች ለትምህርት ቤት አድርሺበት። ቆይ ግን፣ የቀሚስሽ ጫፍ ተተርትሯል። የማማ ሮዝቤላ ዘመድ ሆነሽ እንዲህ ገበያ ትወጫለሽ? ነይ፣ ቁሚልኝ።"

ጫማዬን አውልቄ፣ ስፖንጁን እግሬ ላይ አስሬ ተቀመጥኩ።