ወለቃ ወይስ በሽሎ

መምህር ማሩና ሼህ ዓሪፍ በሕይወት ሳሉ፣ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ እስክሪብቶ የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ይጠየቅ ነበር፤ አንድ ጊዜ በአግድም፣ አንድ ጊዜ በቁልቁል። ወንዳወቅ ግን ማንም ሳይጠይቀው "ወለቃ" ብሎ በሰማያዊ ቀለም ጻፈና ጋዜጣውን ወደ ጋሼ ደሞዜ ገፋው።

ጋሼ ደሞዜ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ጽሑፉን ተመለከቱ።

"ማን ፈቀደልህ?"

"ምኑን ጋሼ?"

"እስክሪብቶውን።"

"ቸኩዬ ነው። 'የዓባይ ገባር፣ ወሎ ውስጥ የሚገኝ፣ ሦስት ፊደል' ይላል። ወለቃ የዓባይ ገባር ነው፤ ወሎ ውስጥ ነው፤ ሦስት ፊደል ነው። ሌላ ምን ቀረ?"

"በሽሎስ?" አሉ ሐጂ ጀብሪል ከሻይ ብርጭቋቸው ቀና ሳይሉ። "እሱም ተፈናቅሎ ወሎን ለቀቀ እንዴ?"

ጋሼ ደሞዜ አልሣቁም። ጣታቸውን ከቁልቁል ጥያቄዎቹ በአንዱ ላይ አኖሩና "አንብብ" አሉ።

"'ብዙ ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ላይ የሚቀር፤ ሦስት ፊደል።' አዋሽ ነው።"

"የአዋሽ ሦስተኛ ፊደል የት ላይ ታርፋለች?"

ወንዳወቅ ሳጥኖቹን በዓይኑ ተከተለ። "ሽ" የምታርፈው እርሱ "ለ" ብሎ በጻፈበት ሳጥን ላይ ነበር። "በሽሎ ነው" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እንግዲህ ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው።"

"አዎን፣ ጨዋታ ነው" አሉ ጋሼ ደሞዜ፤ በቃሉ የተስማሙ ግን አይመስሉም ነበር።

ጠረጴዛው የሚገኘው መርሳ ከተማ፣ ከአውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት፣ በቡርቱካን ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነው። የጋዜጣው የመጨረሻ ገጽ በየዕለቱ አንድ የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታ ያወጣል፤ ሰኞ የከተሞች፣ ማክሰኞ የወንዞች፣ ረቡዕ የዕፀዋት፣ እንዲህ እያለ ሳምንቱን ይዞራል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩት መምህር ማሩ እና በሐብሩ ወረዳ የታወቁት የኪታብ ሰው ሼህ ዓሪፍ ከሃያ ዓመት በፊት ይህን ጨዋታ ሲጀምሩ ሕግ አውጥተውለት ነበር። ቃል ሁሉ አስቀድሞ በእርሳስ ይጻፋል። በአግድምም በቁልቁልም የተመሰከረለት ፊደል ብቻ በእስክሪብቶ ይደምቃል። ያልታወቀ ሳጥን ባዶውን ያድራል። ባዶ ሳጥን አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው በግምት የተሞላው ነው።

ሼህ ዓሪፍ ከጦርነቱ በፊት ዐረፉ። መምህር ማሩ ግን ባለፈው መስከረም፣ ከተማዋ ተዘግታ ሳለች፣ የደም ግፊት ክኒናቸው አልቆ ሞቱ። ለአራት ወራት ጋዜጣም፣ መብራትም፣ ስልክም አልነበረም። በእነዚያ ወራት ጋሼ ደሞዜና ሐጂ ጀብሪል ድሮ የተሞሉ ጋዜጦችን በላጲስ እያጠፉ እንደ አዲስ ይሠሩ ነበር፤ መልሱን እያወቁት። ወረቀቱ በመጨረሻ ተበስቶ ሳጥኖቹ ወንፊት ሆኑ። አሁን ጥር ገብቷል። መንገዱ ተከፍቷል። ጋሼ ደሞዜ ግን በየጠዋቱ ከቤታቸው እስከዚህ በረንዳ የሚወስዳቸው አምስት መቶ እርምጃ አምስት ሺህ የሆነ ይመስላቸዋል። ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ወንበሮቹ ለማገዶ ሄደዋል። ይህን ሲያስቡ መናደድ ያምራቸዋል፤ ነገር ግን ለመናደድ እንኳ ጉልበት ያስፈልጋል።

ወንዳወቅ በመምህር ማሩ ወንበር መቀመጥ የጀመረው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። የቀበሌው ጸሐፊ ነው፤ ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ትሑትም ነው። ዛሬ ግን ለወንዝ አልመጣም። ከላስቲክ ማኅደሩ ውስጥ የተሰፋ ወረቀት አወጣ።

"የስድስት ሰዓቱ ሚኒባስ ይዞት ወደ ወልድያ ይሄዳል" አለ። "ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች ዝርዝር ነው። የእናንተ የሽማግሌ ኮሚቴው ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ማኅተሙ አርፎበታል።"

"ከፊርማው በፊት?" አሉ ሐጂ።

"ሊቀ መንበሩ ለስብሰባ ስለሚሄድ ነው ሐጂ። እናንተ መቼም አታሳፍሩኝም።"

"እናንተ ወረቀት ስታገላብጡ፣ እኔ ጠረጴዛ ልጠርግ" አለች የሻይ ቤቱ ባለቤት ቡርቱካን ብርጭቆ እየሰበሰበች። "ቶሎ ጨርሱት ጋሼ፤ ምሳ የሚበላ ሰው ይመጣል።"

ጋሼ ደሞዜ ግን ምንም ነገር ሳያነቡ ፈርመው አያውቁም። ስም በስም ወረዱ። አብዛኛውን ያውቁታል፤ ግማሹን ፊደል አስቆጥረውታል። አንዳንዱ ስም ላይ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስና ይቆማል። ሐጂ ጀብሪል ከጎናቸው "አላህ ይማራቸው" እያሉ ያዳምጣሉ። አርባ ሰባተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ።

"ዛኪር። ሁኔታ፦ ሞቷል። ምስክር፦ ረዲና ኢስሐቅ።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ይህ የቶይባ ባል አይደለም?"

"ነው ጋሼ። ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የቀን ሠራተኛ የነበረው። በጥቅምት እህል ፍለጋ ወደ ግራና ከተማ ወጥቶ ቀረ።"

"መቅረቱን አውቃለሁ። መሞቱን ነው ያልሰማሁት።"

"ሁለት ምስክር አለው። ኢስሐቅ ወንድሙ ነው፤ ረዲ በዓይኑ አይቷል። አባወራ ሞቷል ካልተባለ ደግሞ ስንዴውና ዘይቱ አይሰጣትም። ለእርሷ ብዬ ነው።"

ሐጂ ጀብሪል ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "አንተ ልጅ፣ ይህች ቃል ስንዴ ብቻ አይደለችም። እኛ ዛሬ ከፈረምን ቶይባ ነገ ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን ዒዳ፣ አራት ወር ከዐሥር ቀን ትቀመጣለች። መሬቱ ለወራሽ ይከፈላል፤ ኢስሐቅም ከወራሾቹ አንዱ ነው። ዛኪር የመጣ እንደሆነ ደግሞ የት ይገባል? በየትኛው በር?"

"ሐጂ፣ ሦስት ወር ሙሉ ያልመጣ ሰው..."

"ረዲን ጥራው" አሉ ጋሼ ደሞዜ።

ረዲ ከመንገዱ ማዶ የሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጆንያ ያስር ነበር፤ የመቆሚያው ጫኝና አውራጅ ነው። ወርዶ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ፤ ከበረንዳው ደረጃ በታች ቆመ።

"ረዲ፣ ዛኪርን ሞቶ አየሁት ብለሃል?"

"ሬሳ አየሁ ጋሼ። ግራና ሳይደርስ፣ ከወንዙ ማዶ። ገበሬዎች እየቀበሩት ነበር፤ ግማሹን አፈር አልብሰውት ደረስሁ።"

"ፊቱን አየኸው?"

"ሸፍነውታል። ልብሱን ነው ያየሁ። አረንጓዴ የሥራ ካፖርት፣ ያ ሲሪንቃ ለሠራተኛ የሚያድሉት።"

"ታዲያ ዛኪር መሆኑን በምን አወቅህ?"

ረዲ ወንዳወቅን አየ፣ ከዚያ መሬቱን አየ። "እኔ መች አወቅሁ ጋሼ። ለኢስሐቅ 'የሲሪንቃ ካፖርት የለበሰ ሰው ሲቀበር አየሁ' አልሁት። 'ወንድሜ ነው' ብሎ ያለቀሰው እሱ ነው። ወንድሙ ካለቀሰ እኔ ማን ነኝ፣ አይደለም የምል?"

"ኢስሐቅስ በምን አወቀ?"

ጥያቄው የቀረበው ለረዲ ቢሆንም፣ የመለሰው ወንዳወቅ ነበር። ቀስ ብሎ ነው የመለሰው። "'ረዲ አይቶታል' ብሎ ነው የነገረኝ።"



"ሁለት ሰካራም ተደጋግፎ ሲሄድ አይተሃል?" አሉ ሐጂ ጀብሪል። "እያንዳንዱ ሌላኛው መንገድ የሚያውቅ ይመስለዋል።" ከዚያ ድምፃቸውን ለስለስ አደረጉ። "ኢስሐቅንም አልከስሰውም። መጠበቅ የሰለቸው ሰው የቀረበለትን ልቅሶ ያለቅሳል። ረዲንም እንደዚሁ። ግን ፊርማዬ አልሰለቸውም።"

ቶይባን መጥራት አላስፈለገም። ከመቆሚያው አጥር ሥር ፓፓያ ትሸጣለች፤ ረዲ ተጠርቶ ሲሄድ አይታለች፤ ሽማግሌዎች ረዲን ለምን እንደሚጠሩ ለመገመትም ሩቅ አልሄደችም። ቢላዋዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛ ከደረጃው ሥር ደረሰች።

"አሰላሙ ዓለይኩም ሐጂ። ደኅና ዋሉ ጋሼ። ምን ተገኘ?"

"ምንም አልተገኘም ልጄ" አሉ ሐጂ። "ችግሩም እሱ ነው። ወረቀት ላይ ግን ሞቷል ተብሏል።"

"ማን አለ?"

ወንዳወቅ ማኅደሩን ከጠረጴዛው ወደ ጉልበቱ ሳበ።

ጋሼ ደሞዜ በክፍል ውስጥ በሚጠይቁበት ድምፅ ጠየቁ። "ያ አረንጓዴ ካፖርት ለስንት ሰው ነው የታደለው?"

"ለቀን ሠራተኛው ሁሉ ነው። ለአርባ ምናምን ሰው። የሱ ቀኝ ክንዱ ላይ ተቀድዶ በጥቁር ክር ሰፍቼዋለሁ።"

ጋሼ ደሞዜ ወደ ረዲ ዞሩ።

"ክንዱ አፈር ውስጥ ነበር" አለ ረዲ።

ቶይባ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ቆማ የዋለች ሴት እንደምትቀመጠው፣ ቀስ ብላ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ ጭና።

"ጋሼ፣ አራተኛ ክፍል እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ" አለች። "ልጆቼ በየቀኑ ይጠይቁኛል። ጎረቤት ያጽናናኛል፤ ስለ ምን እንደሚያጽናናኝ አላውቅም። ኢስሐቅ ሞቷል ይላል። አማቼ 'በሕልሜ አየሁት፣ ይመጣል' ይላሉ። እርስዎ ይንገሩኝ። አለ ወይስ ሞቷል?"

ጋሼ ደሞዜ ሠላሳ ስድስት ዓመት በሰሌዳ ፊት ቆመዋል። በእነዚያ ዓመታት ተማሪ ጠይቋቸው መልስ ያጡበት ቀን ቢኖር እንኳ፣ "ነገ እነግርሃለሁ" ብለው ሌሊቱን መጽሐፍ ሲያገላብጡ አድረው በማግሥቱ መልሱን ይዘው ይገቡ ነበር። ለዚህ የሚገለበጥ መጽሐፍ አልነበራቸውም። ደንቡን ጠብቀው ዝርዝሩን ባይፈርሙ ልጅቷ ስንዴ ታጣለች፤ ቢፈርሙ ባል ታጣለች። ደንቡን ያስተማሯቸው ሁለት ሰዎች ባዶ ሳጥን አያሳፍርም ይሉ ነበር፤ በባዶው ሳጥን ውስጥ የሚኖር ሰው እንዴት እንደሚያድር ግን አልነገሯቸውም።

"አላውቅም ልጄ" አሉ።

ቶይባ ራሷን ነቀነቀች። "አላውቅም ያለኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። ሌላው ሁሉ ያውቃል።"

"ስንዴውን በተመለከተ..." ብሎ ወንዳወቅ ጀመረ።

"ስንዴው ከቀረ ይቅር። ፓፓያው እስኪያልቅ እሸጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል። መሞቱ ከተረጋገጠ ዒዳም እቀመጣለሁ፤ ከዒዳ የምሸሽ ሴት አይደለሁም። ግን እኔን ሳትጠይቁ አትቅበሩት።"

ይህን ብላ ተነሣች። አንድ ሾፌር ፓፓያዎቿ አጠገብ ቆሞ እየጠራት ነበር፤ ሄደች።

ጋሼ ደሞዜ ዝርዝሩን ለወንዳወቅ መለሱለት። "ሌላውን እፈርማለሁ። አርባ ሰባተኛውን 'አድራሻው ያልታወቀ' በለውና አምጣልኝ።"

"ጋሼ፣ ቅጹ እንዲህ ያለ ቦታ የለውም። 'ሞቷል' ወይም 'ቆስሏል' ነው የሚለው። ብሰርዘው ደግሞ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ወልድያ አይቀበሉም። የግድ ሙሉው ዝርዝር እንደ ገና መገልበጥ አለበት። ስድሳ አንድ ሰው ነው። ማኅተም የሚያሳርፈው ሊቀ መንበር እስከ ነገ የለም።"

"ቦታ ከሌለው ከግርጌው ጻፍበት።"

"ቢመልሱትስ?"

"እኔም አብሬህ እሄዳለሁ። ጉልበቴ ሚኒባስ ለመውጣት ያህል አለኝ።"

ከመንገዱ ማዶ ረዳቱ "ወልድያ፣ ወልድያ" እያለ መጣራት ጀመረ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ። ወንዳወቅ ቆመ። ማኅደሩን በክንዱ ሥር አደረገ። ሚኒባሱን ተመለከተ፤ ሰዓቱን ተመለከተ፤ ወልድያ ላይ ዝርዝሩን የሚቀበለውን ኃላፊ ፊት የሚያስብ ይመስል ነበር። ዝርዝሩን ዛሬ እልካለሁ ብሎ በአፉ ቃል ሰጥቷል። ጋሼ ደሞዜ በዚህ ዕድሜያቸው ሌላ ሰው እንዲወስን መጠበቅን ተምረዋል።

ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። ወንዳወቅ ከበረንዳው ሳይወርድ አቧራው ሲነሣ አየው።

"ቡርቱካን፣ ይህን ጠረጴዛ እስከ ማታ ልትለቂልኝ ትችያለሽ?" አለ። "ባዶ ቅጽ ከቢሮ አምጥቼ እንደ አዲስ እገለብጠዋለሁ።"

"ምሳ ካዘዝህ እስከ ፋሲካም ተቀመጥ" አለች ቡርቱካን።

እርሱ ግን አስቀድሞ ወደ ቢሮው አልሄደም። ከደረጃው ወርዶ መንገዱን ተሻገረና ከአጥሩ ሥር፣ ቶይባ ለሾፌሩ ፓፓያ እየሰነጠቀች ባለችበት ቆመ። ሾፌሩ እስኪሄድ ጠበቀ። ከዚያ ቆሞ መናገሩ አልመቸውም መሰል ቁጢጥ አለ።

"ቶይባ እቴ፣ ነገ ራሴ ይዤው ወልድያ እሄዳለሁ። ድጋፉን ግን አስገኝልሻለሁ ብዬ ቃል አልገባልሽም።"

ቶይባ ቢላዋዋን መጥረጓን አላቆመችም። "እሽ።"

"ቤትሽ ከቢሮዬ መቶ እርምጃ አይርቅም። መጥቼ አንድ ቀን ሳልጠይቅሽ ነው ሞቷል ብዬ የጻፍሁት። ተሳስቻለሁ።"