ጉድጓዱን አትንኩት

የመንገድ ጥገናው ቅርንጫፍ አንድ የመንገድ መደልደያ ግሬደር ነበረው። «ለትንሽ ቀን» ተብሎ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ጋራዥ ከተወሰደ ወዲህ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ሥራው ሁሉ በፎርማኑና አካፋ በያዙ ጥቂት የቀን ሠራተኞች ጫንቃ ላይ ወደቀ። ሰው ደግሞ ስም ማውጣት ሲወድ! ፎርማኑን «ግሬደር» አለው፤ ሲያከብረው «ጋሽ ግሬደር»። መጀመሪያ ሰሞን ይናደድ ነበር፤ በኋላ ለመደው። እንዲያውም ስልክ አንስቶ ሳያስበው «አቤት፣ ግሬደር ነኝ» ያለበት ጊዜ አለ።

ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ላይኞቹ ሰፈሮች የሚወጣው የጠጠር መንገድ በእሱ እጅ ነው። መሀል ላይ አንድ ረባዳ ቦታ አለ። በጋ በጋ ደህና ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ግን መሬቱ ከሥሩ ይላላና ያገኘውን ጎማ ሁሉ ይውጣል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ጭቃውን ጠርጎ ማውጣት፣ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ መቅበር፣ ገረጋንቲ በገልባጭ መኪና እያመጡ ደህና አድርጎ መጠቅጠቅ። ግሬደር ይህንኑ በየዓመቱ ይጠይቃል፤ በየዓመቱም «በጀት የለም፣ ባለህ አብቃቃ» ይባላል። ምኑን ያብቃቃ? አካፋውን?

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከረረ። ከረባዳው ማዶ ታላቅ እህቱ የወተት መሰብሰቢያ ትመራለች። የሰፈሩ ሴቶች በጠዋት ያለቡትን ያመጡላታል፣ እሷ ለክታ ትቀበላለች፣ የፋብሪካው መኪና መጥቶ ይጭናል። በዚያ ሰፈር ልጅ የሚማረውም፣ ጣራ የሚታደሰውም፣ መድኃኒት የሚገዛውም በዚያ ወተት ነው። የመኪናው ሾፌር አንድ ቀን የወተት ጋኖቹን ጭኖ ሲያበቃ ቆም አለና አንገቱን አከከ።

«እትዬ፣ እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም» አላት። «ባለፈው ክረምት እዚያ ጭቃ ውስጥ የመኪናውን ባሌስትራ ሰብሬ ከደሞዜ ተቆርጧል። ዘንድሮ ቦታው ገረጋንቲ ካልለበሰ አለቆቼ መስመሩን ይሰርዙታል።»

እህት ሆዬ በዚያው እግሯ ወንድሟ ቤት ደረሰች። «ወንድምዓለም፣ ይሄን መንገድ ካላሠራህ ፎርማን ነኝ ብለህ ደጄን እንዳትረግጥ!»

«ቆይ እስቲ እታለም፣ ዘንድሮ ተስፋ አለ» አላት።

እውነትም ተስፋ ነበር። ዋናው መሥሪያ ቤት ለአንድ መንገድ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ከየትም ብሎ አግኝቷል። ለገንዘቡ የታጩት ሁለት መንገዶች ናቸው፤ አንዱ የእሱ፣ ሌላው ከወንዙ ወዲያ ያለው። የመሥሪያ ቤቱ ኢንጂነር ራሷ በመኪና ሄዳ ታያቸዋለች፣ የባሰበት ይሠራል። «ማክሰኞ ትመጣለች» ብሎ ለእህቱ ነገራት። ምን ነክቶት እንደነገራት ኋላ ላይ ራሱን ብዙ ጊዜ ጠይቋል።

ማክሰኞ ጠዋት ግሬደር አስፋልቱ ጋ ጠብቆ መኪናዋ ጋቢና ገባ። የቱ ጉድጓድ ጋ ጥርስ እንደሚጋጭ፣ የቱ ጋ ራስ ከጣራ እንደሚላተም አብጠርጥሮ ያውቃል። ኢንጂነሯን በሆዱ «ዛሬ ኩላሊትሽ ቦታ ይቀይራል፣ ይቅር በይኝ» እያላት ነበር። መኪናው ሄደ፣ ሄደ፤ ምንም የለም። ሸርተት ይላል። ግሬደር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቢያይ ጉድጓዱ ሁሉ ጢም ብሎ ተሞልቷል። ረባዳው ጋ ሲደርሱ የሰፈሩ ሰው አካፋና ዶማውን ተደግፎ ግራና ቀኝ ቆሟል፣ እህቱም ከፊት። እንግዳ ይመጣል ከተባለ ቤት ተጠርጎ ነው የሚጠበቀው፤ እነሱም መንገዱን ጠረጉት። ሰኞን ሙሉ አፈርና ድንጋይ ሲሸከሙ ውለው፣ ረግጠው፣ ላዩን በቅጠል አሳምረውታል። ሲያጨበጭቡላት ደግሞ!

ግሬደር ወደ ኢንጂነሯ ዞረ። አፈር እኮ ነው፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል። «ኢንጂነር፣ ይሄ ነገር…» ብሎ ጀመረ።

«ቆይ ጋሼ፣ መጀመሪያ እኔ ልናገር» አለችው። «ያለ ግሬደር፣ ያለ በጀት እንዲህ የተያዘ መንገድ አላየሁም። ሕዝቡንም አስተባብረዋል። ለሌሎቹ ፎርማኖች እርስዎን ነው በምሳሌነት የምጠራላቸው።»

ልቡ ቅቤ ጠጣ። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ መሥሪያ ቤት ሲሠራ «ለምን ዘገየህ» ያለው እንጂ «ጎሽ» ያለው አለቃ አልነበረም። ከመስኮቱ ውጭ እህቱ እየሳቀች እጇን ታውለበልባለች፤ በእንግዳ ፊት «ይሄ ለዓይን ነው» ብሎ እንዴት ያሳፍራት? ይህም አንድ ምክንያት ነው። ዋናው ግን ምስጋናው ነው፤ ጣፈጠው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ዝም አለ።

ገንዘቡ ከወንዙ ወዲያ ላለው መንገድ ሄደ። «የእናንተ እኮ ደህና ነው» አሉት ከዋናው መሥሪያ ቤት በስልክ።

ከዚያ ዝናቡ ገባ። አፈሩን ጠርጎ፣ ድንጋዩን በትኖ፣ ረባዳውን እንደ ገንፎ አቦካው። የወተቱ መኪና ጠዋት መጥቶ ዳር ላይ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ አንድ እግሩን ጭቃው ውስጥ ቢከት ጫማው እዚያው ቀረ። ጫማውን አውጥቶ፣ ማዶ ጋኖቿን ደርድራ ወደምትጠብቀው የግሬደር እህት አየና ራሱን ነቅንቆ ተመለሰ። በነጋታውም እንዲሁ ሆነ።

ግሬደር አመሻሹ ላይ መሰብሰቢያው ሲገባ እህቱ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ ጋን ታጥባለች። ክፍሉ ወተት ወተት፣ ኮምጣጣ ኮምጣጣ ይሸታል። ቀና ብላም አላየችው።

«እኛ እኮ አንተ እንዳታፍር ብለን ነው» አለች። «አለቃህ ስትመጣ የወንድሜ መንገድ እንዲህ ነው እንዳይባልብኝ ብዬ፣ ሰዉን እግሩ ላይ ወድቄ ነው ያወጣሁት።»

«አውቃለሁ እታለም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልነግራት ስል አመሰገነችኝ፤ ከዚያ ዝም አልኩ።»

እጇ ጋኑ ውስጥ እንዳለ ቆመ። «አመሰገነችህ?»

«አዎ።»

«ምን ብላ?»

ነገራት። እህቱ ሰማችው። ተናዳለች፣ በጣም ተናዳለች፤ ግን ሆዷም ባባ። ታናሿ ነዋ። በክንዷ አፍንጫዋን ጠረገችና «በል ደውልና ምስጋናዋን መልስላት» አለችው።

ደወለ። ያለውን ሁሉ ሳይደብቅ ተናገረ። 

«ምነው ጋሼ፣ ያኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለች ኢንጂነሯ። «ከወንዙ ወዲያ እኮ ገልባጮቹ ሥራ ጀምረዋል። እንግዲህ ለሚቀጥለው በጀት ዝናቡ ጋብ ሲል መጥቼ አያለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው። ጉድጓዱ እንዳለ ይቆየኝ፤ ተሞልቶ ካገኘሁት በጀት የማስፈርምበት ነገር አይኖረኝም።»

ጉድ እኮ ነው! መንገድ ሲጠግን የኖረ ሰው ጉድጓድ ጠባቂ ሆነ። አካፋ ይዞ ብቅ ያለውን ሁሉ «ተው፣ አትንኩት» እያለ መመለስ ጀመረ። ልጆች እንኳ ሳቁበት። ችሎ ሰነበተ። እህቱም ቻለችው፤ ወተቱን በሸክም በአቋራጭ ወደ አስፋልቱ እያስወጣች ግማሹ እየኮመጠጠ፣ ከፋብሪካው እየተመለሰ። ከዚያ ሾፌሩ ደወለላት።

«እትዬ፣ ነገ ለመጨረሻ ጊዜ ሞክር ተብያለሁ። ካለፍኩ መስመሩ ይቆያል። ካላለፍኩ በቃ።»

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ግሬደር ረባዳው ጋ ሲደርስ ሴቶቹ ድንጋይ እየተሸከሙ ይወርዳሉ። እህቱ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታለች።

«እታለም፣ አትንኩት ብዬሽ የለም? ይሄን ከሞላችሁ አሁንም ገንዘቡ ያመልጠናል!»

«መቼ ነው የሚመጣው ገንዘቡ?»

«ዝናቡ ሲያቆም ታያለች። ከዚያ በጀቱ ሲጸድቅ…»

«ላሞቹ እስኪጸድቅ ወተታቸውን ይዘው ይቆዩልኛል?»

 ከኋላዋ አንዲት ሴት ትልቅ ድንጋይ ትከሻዋ ላይ እንደያዘች ቆማ አፍ አፉን ታያለች። ከባድ ነው ድንጋዩ፤ ግን ፎርማኑ እሱ ነውና እስኪናገር አልጣለችውም።

«እዚህ» አላት። «ትልልቁ ከሥር ይግባ። አፈር አታምጡ፣ አፈር አያዋጣም፤ ድንጋይ ብቻ።» ጫማውን አውልቆ ገባ።

ፀሐይ ሞቅ ሲል መኪናው መጣ። የፊት ጎማው አለፈ፣ የኋላው ተንሸራተተ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሾፌሩ ጋኖቹን ጭኖ ሲመለስ አንገቱን በመስኮት አወጣና «ነገም እንዲህ ከሆነ እመጣለሁ!» ብሎ አለፈ።

ግሬደር መኪናው ያለፈበትን አየ። ድንጋዮቹ ገና ከአሁኑ እየሰጠሙ ነው። ለነገ እንደገና መሙላት ሊኖር ነው፣ ከነገ ወዲያም እንደዚያው፤ ኢንጂነሯም መጥታ የምታየው የተሞላ ጉድጓድ ነው። ይሄን ለእህቱ ሊነግራት ዞር ሲል እሷ ሴቶቹን ይዛ ወደ ድንጋዩ ክምር መውጣት ጀምራለች። ፎርማኑ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተከተላት።