አምስት ጣሳ ውኃ

መጀመሪያ የሰማሁት ውኃ ነው። ጣሳው በርሜሉን መታ፣ ጠለቀ፣ ወጣ፣ ተንዠቀዠቀ። መስኮት በሌለው እቃ ቤት ውስጥ ሚስማር እየቆጠርኩ ስለነበር ማንንም አላየሁም፤ ማየትም አላስፈለገኝም። የሥራ መሪያችን ኢንጂነሯ ስትናደድ እጇን ትታጠባለች። እጇ እስኪደርቅ ደግሞ ማንንም አትቆጣም። ሠራተኛው ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ ጣሳ እንቆጥራለን። አንድ ጣሳ ከሆነ መዶሻ ጠፍቷል። ሁለት ከሆነ ሲሚንቶ ረጥቧል። ሦስት የሰማሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ግንቡ የተጣመመ ዕለት።

የዚያን ዕለት ጠዋት አምስት ቆጠርኩ። የሚስማሩ ቁጥር ጠፋብኝ።

የምንሠራው ባለ አንድ ፎቅ ክሊኒክ ነው። በዚያ ቀን ሁለት ሰዓት ላይ የፎቁን ወለል፣ እኛ ሶሌታ የምንለውን፣ አርማታ ልንሞላ ቀጠሮ ይዘናል። ቀጠሮው ሁለት ጊዜ በዝናብ ተላልፎ ነበርና ዋናው ቢሮ ለኢንጂነሯ ደብዳቤ ጽፎላታል፤ በዚያ ቀን ካልተሞላ ከማግስቱ ጀምሮ ሥራውን ሌላ ሰው ይረከባል። ደብዳቤውን አልደበቀችንም። ጮክ ብላ አነበበችልንና "እንሞላዋለን" ብላ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ችግሩ አናጢውና ፌራዮው ነበሩ። ፌራዮ ብረቱን ዘርግቶ የሚያስረው ነው። አናጢው የፌራዮውን እህት ነው ያገባው። ከሦስት ሳምንት በፊት አናጢው በሰው ፊት፣ "ይሄ ፌሮ ነው ወይስ የዶሮ ቅርጫት?" ብሎ ቀለደ። ሰው ሳቀ፤ ፌራዮው አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ በመሃላቸው ያለሁት ምላስ እኔ ነኝ። አጠገብ ላጠገብ ቆመው "በለው"፣ "ንገረው" ይላሉ፤ እኔ እመላለሳለሁ።

ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አናጢው፣ "ለዚያ ሰውዬ ንገረው፣ የቧንቧው ማለፊያ ቦታ ተቀይሯል። በመስኮቱ በኩል ክፍት ይተውልኝ፤ አርማታው ቀዳዳውን እንዳይደፍነው ሳጥኔን እዚያ ነው የማስገባው" አለኝ። እሺ ብዬ መሰላሉ ግማሽ ላይ ስደርስ ደመና አየሁ። ሸራው የተወጠረ መርከብ ይመስላል። እስኪበተን ድረስ ቆሜ አየሁትና ለምን እንደወጣሁ ጠፍቶኝ ወረድኩ።

በመሙያው ቀን ጠዋት አናጢው ሳጥኑን በብብቱ ይዞ ሲወጣ ቦታው ከዳር እስከ ዳር በብረት ተሸፍኗል።

ኢንጂነሯ እቃ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ከጣቶቿ ውኃ ይንጠባጠባል።

"አናጢው 'ሆን ብሎ ነው' ይላል። ፌራዮው 'ማንም አልነገረኝም' ይላል። አንተስ?"

"እኔ ነኝ፣ ኢንጂነር። ረሳሁት።"

"ምን ስትሠራ?"

"ደመና ሳይ።"

"ሊዘንብ ነው?"

"አይ፣ እንዲሁ የሚያምር ነበር።"

እጇን ሱሪዋ ላይ ልትጠርግ ጀምራ ተወችው። "ለደመናው አንተ ትጠየቃለህ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንተ አፍ ሲነጋገሩ እያየሁ ዝም ላልኩት ግን የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሥራው እስከሄደ ድረስ ይሁን ብዬ ነበር። በል፣ ደብተርና ሜትር ይዘህ ተከተለኝ።"

እየሄደች አርማታ አቅራቢዎቹ ጋ ደወለች። "ስህተቱ የእኛ ነው። መኪናችሁ አምስት ሰዓት ላይ ይምጣ፤ ያኔ ለአንድ ደቂቃም አላስቆመውም።" ሰበብ አልደረደረችም። ለዚህ ይመስለኛል እሺ ያሏት።

መሰላሉ ሥር አንድ ሰው ቆሞ አገኘነው። በእጁ የያዘው ሄልሜት ላስቲኩ ገና አልተነሳለትም።

"ከዋናው ቢሮ ነው የመጣሁት" አለ። "ምናልባት ዛሬ ካልተሞላ፣ ነገ የምረከበው እኔ…"

"አውቃለሁ። እንኳን ደህና መጡ" አለችው። ወደ እኔ ዞራ፣ "ወንበር አምጣላቸው፤ ጥላ ያለበት ቦታ" አለች። ድምጿ ውስጥ ቅያሜ ፈልጌ አጣሁ።

ላይ ስንደርስ አናጢውና ፌራዮው ጀርባ ለጀርባ ቆመዋል። ማንንም አልገሠጸችም። ሜትሩን ከእጄ ወስዳ ጫፉን ለፌራዮው፣ የሚጠቀለልበትን ቤቱን ለአናጢው ሰጠች።

"ቦታውን እናንተ ትለካላችሁ፣ ይህ ልጅ ይጽፋል። ሌላ ሰው ሜትሩን አይነካም።"

አናጢው ወደ እኔ ዞረ። "ንገረው እስቲ፣ ወደ ግራ…"

"እሱ ዛሬ ጸሐፊ ነው" አለች ኢንጂነሯ።

ሜትሩ በሁለቱ መሃል ተወጥሮ በነፋስ ይንቀጠቀጣል። ሌሎቹ ሠራተኞች ሥራ ያላቸው ለመምሰል ያንኑ እንጨት ከዚህ ወዲያ፣ ከወዲያ ወዲህ ያነሳሉ።

"ስንት ይላል?" አለ ፌራዮው በመጨረሻ፣ ለብረቱ የሚያወራ ይመስል።

"ሁለት ሜትር ከአርባ። ዜሮውን በደንብ ይዘኸዋል?"

"ከቅርጫቱ ላይ ነው የያዝኩት።"

አናጢው ጎንበስ ብሎ እስሩን አየ። በጣቱ ጎተተው፤ ንቅንቅ አላለም።

"በሰው ፊት ነው ያልኩት" አለ።

"በሰው ፊት ነው።"

"እንግዲህ ሰው ይስማ። ጥሩ ፌሮ ነው።"

ፌራዮው አፍንጫውን አሸት አሸት አደረገ። "እህቴ አንተን እንዴት እንደቻለችህ ነው የሚገርመኝ።"

"እሷ ደግሞ እናቷ አንተን እንዴት እንደቻለችህ ነው የሚገርማት።"

እንጨት የሚያመላልሱት ሳቁ። በዚህኛው ሳቅ ፌራዮውም ነበረበት። መቁረጫውን አነሳና፣ "ሳጥንህን አቀብለኝ" አለ። ብረቱ ተቆረጠ፣ ዙሪያው በተጨማሪ ፌሮ ታሰረ፣ ሳጥኑ ገባ። ከዚያ ወዲያ ማንም እኔን አልጠራኝም። ኢንጂነሯ ዳር ቆማ እጇን አየች፤ ደርቋል።

አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መኪናው በሩ ላይ ጥሩንባ ነፋ። አርማታው እየተንደቀደቀ ወጣ፤ ግራጫው ጭቃ ብረቱን እየዋጠ ሄዶ ሳጥኑ ጋ ሲደርስ ዙሪያውን ከብቦት አለፈ።

ወደ ታች አየሁ። የዋናው ቢሮ ሰው ከወንበሩ ተነሳ። ወንበሩን ግድግዳው ሥር በሥርዓት መለሰ። ኢንጂነሯ ከላይ እጇን ብታነሳለትም እሱ ሄልሜቱን በብብቱ ሸጉጦ ወደ በሩ ሄደ። ዘበኛው፣ "ጌታዬ፣ ነገ ይመለሳሉ?" አለው። ሰውዬው አርማታው ወደሚፈስበት ወለል ቀና ብሎ አየና ወጣ።