ከዋርካው ሥር የተቀመጡት

፩

«ባልሽን ጥሪው።»

«ሞቷል።»

«እንግዲያው ወንድምሽን አምጪ።»

«ጌታዬ፣ እኔ ልመዝገብ አልሁ እንጂ ማን ወንድሜን አለ?»

መዝጋቢው ሳቀ። ገበያተኛው ሳቀ። ትዋቡ ግን ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ዋርካው ሥር ተቀመጠች።


፪

ከመሐል ጀመርን፤ አንባቢ ይቅር ይበለን። ነገሩ የሆነው ወሎ ውስጥ፣ በአንዲት የገበያ ከተማ፣ በ1949 ነው። የምናወራው ስለ አልጋነሽ ነው። ስለ አልጋነሽ ለማውራት ግን ከትዋቡ መጀመር የግድ ነው።


፫

ትዋቡ ጥጥ ነጋዴ ናት። ደሴ ደርሳ በተመለሰች ቁጥር ወሬ አታጣም። የሰፈሩ ሴቶች ለፈትል በተሰበሰቡበት፣

«ዘንድሮ ሴትም ትመርጣለች» አለቻቸው። «በሬዲዮ ሲነገር በጆሮዬ ሰማሁ።»

«ምኑን? ባል?» አለች አልጋነሽ፤ ገና አዲስ ሙሽራ ናት። «ባል ከሆነማ አባቴ መርጦልኛል።»

እንዝርቱ ሁሉ በሳቅ ቆመ።

«እንግዲህ» አለች ትዋቡ፣ «አንድ ነገር እንኳ ራስሽ ምረጪ።»


፬

የአልጋነሽ ባል ይመር ክፉ ሰው አልነበረም። ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ግን ይፈራ ነበር።

«ዋርካው ሥር ካልተመዘገብን አንነሣም ከሚሉት ከነዚያ ሴቶች ጋር የተቀመጥሽ ቀን» አላት፣ «የምትገቢው አባትሽ ቤት ነው።»

አልጋነሽ በገበያው ቀን ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣች። ዋርካው ጋ ስትደርስ፣ ትዋቡ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።


፭

ቁጭ።


ቁጭ።


ቁጭ።


«ወጡ አረረ!» ይላቸዋል አላፊው።

«ይረር!» ይላሉ።

ሽማግሌ ተላከ፤ አልተነሱም። ኋላ ምዝገባውን ሊያይ ከደሴ አንድ ሹም መጣ።

«እነዚህ ምን ፈልገው ነው?»

«ሥራ ፈቶች ናቸው፣ ጌታዬ» አለ መዝጋቢው።

ትዋቡ ተነሣች። «ሥራማ ሞልቶናል። ትተነው ነው የመጣን።»

ሹሙ ወደ መዝጋቢው ዞሮ፣ «ሕጉን አላነበብክም?» አለው። መዝጋቢው አንገቱን ደፍቶ ብዕሩን አነሣ።

የአልጋነሽ ተራ ደረሰ።

«የማን ሚስት?»

«አልጋነሽ በላይ።»

«የማን ሚስት ነው ያልሁሽ?»

«አልጋነሽ በላይ ነኝ አልሁዎ።»


፮

ቤቷ ስትደርስ ጓዟ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ተሸከመችው። እስከ ትዋቡ ቤት እንባ አልወጣትም፤ እዚያ ግን ተንሰቀሰቀች። ትዋቡ «ዝም በይ» አላለቻትም። የጥጥ ጆንያዎቹን ደልድላ አስተኛቻት።

የፓርላማው ምርጫ ቀን ሁለቱ ተያይዘው ሄዱ። የመረጡት ሰው ተሸነፈ።

አልጋነሽ ክው አለች። «በከንቱ ደከምን?»

«መሸነፉ የሱ ነው፣ እቴ» አለች ትዋቡ። «መምረጡ የኛ ነው።»


፯

ክረምቱ ሲወጣ ይመር ሽማግሌ ይዞ መጣ። ታረቁ። በሚቀጥለው ምርጫ ባልና ሚስት አብረው ወጡ፤ መንገድ ላይ ይመር እያፈረ፣

«ማንን ልትመርጪ ነው?» አላት።

«አልነግርህም።»

ኋላ ይህን ስታወራ ፊቷ እንደ ሙሽራ ይበራ ነበር። ያን መንገድ፣ ያን ጠዋት፣ የይመርን ማፈር ትናፍቃለች። ሞቷልና።


፰

ዓመታት አለፉ። አልጋነሽ ምርኩዟን ተደግፋ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ በምርጫ ሰልፍ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ አንዲት ወጣት ታጉረመርማለች።

«ለአንዲት ወረቀት ይህን ያህል ፀሐይ!»

አልጋነሽ ዘወር ብላ ሳቀች። እስካሁን ያነበባችሁትን ሁሉ ነገረቻት። ልጅቷ ማጉረምረሙን ተወች።

«ሌሎቹስ እነማን ነበሩ፣ እማማ?»

«ትዋቡ፣ ነፍሷን ይማረው። ዘሐራ። ሙሉነሽ። ደግሞ ያቺ…»

ፊቷ ወለል ብሎ ይታያታል፤ ጥርሰ ፍንጭቷ፣ ፀሐዩ ሲበረታ ነጠላዋን ዘርግታ አልጋነሽን የምታስጠልላት። ስሟ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ቀረ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

«እማማ፣ ተራዎ ደርሷል።»

«ቆይ» አለች አልጋነሽ በሩ ላይ ቆማ። «እሷን ሳልጠራማ አልገባም።»


፱


ስም፦ ______________