እገሌ እንበል

"ድምፄ ይሰማል?" አለችና ማይክሮፎኑን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ድምፅ ማጉያው አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ።

"ድምፅሽማ ይሰማል፤ የማይገባን ነገሩ ነው!" አለ ከፊት የተቀመጠው ፀጉር አስተካካይ። አዳራሹ ሳቀ።

እሷም አብራ ሳቀች። ሥራዋ ይኸው ነው። ምክር ቤቱ አዲስ ሕግ ለማውጣት ሲያስብ፣ ረቂቁን ይዛ በየሰፈሩ እየዞረች የሕግ አዋቂዎች የጻፉትን ለነዋሪው በሰው ቋንቋ ታስረዳለች። ነዋሪው የመሰለውን ይናገራል፣ የተናገረው ወደ ምክር ቤት ይሄዳል፣ ሕጉ የሚጸድቀው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ውሻ አያያዝ፣ ስለ ጣሪያ ውሃ፣ ስለ ሞተር ብስክሌት ጩኸት ስታስረዳ ኖራለች። የምትናገረውን ሁሉ "ማለት ነው" ብላ ስለምትዘጋ የሰፈሩ ሰው ስሟን ትቶ "ማለት ነው" ይላታል። "ማለት ነው መጣች" ይባላል፤ "ማለት ነው ምነው ከሳች?" ይባላል። ቅር ብሏት አያውቅም።

የዛሬው ረቂቅ ግን የውሻ ነገር አልነበረም።

"ሕጉ የሚለው፣" ብላ ቀጠለች፣ "አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ደብዛው ከጠፋ፣ አምስት ዓመት ሙሉ በሕይወት ስለመኖሩ ወሬ ካልተገኘ፣ ቤተሰቡ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቱ ያጣራና ሰውየውን እንደ ሞተ ይቆጥረዋል። ንብረቱ ለወራሾቹ ያልፋል። ሚስቱም ከፈለገች ሌላ ማግባት ትችላለች ማለት ነው።"

ድምጿ ከኋላው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ማጉያ ትንሽ ዘግይቶ ይመለስላታል። ውጭ ፀሐይ ያልለቀቀው ዝናብ ያካፋል፣ ልጆች "ጅብ ወለደች" የሚሉለት ዓይነት። መጋረጃዎቹ ነፋስ ሲሞላቸው ቀስ ብለው ያብጣሉ፣ ቀስ ብለው ይረግባሉ። የከሰዓት በኋላ እንቅልፍ እንዳልለቀቀው ሰው ራሷን ከሩቅ ትሰማለች። "ማግባት ትችላለች ማለት ነው" የምትለው ሴት እሷ አትመስላትም፤ ይህቺ ሴት ምን ነካት እያለች ታዳምጣታለች።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ አማቷ ግራጫ ሻርፓቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጠዋት "እማማ፣ ዛሬ እንኳ ይቅርብዎ፣ ብርድ ነው" ብላቸው ነበር። "ምነው፣ ከእኔ የምትደብቂው ሕግ አለ እንዴ?" አሉና ጃንጥላቸውን አነሡ። እንግዲህ ምን ትበል!

የአሮጊቷ ልጅ፣ የእሷ ባል፣ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ፎቅ በፎቅ ላይ ወደሚቆለልበት ሩቅ አገር ለሥራ ሄደ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፣ ኋላ አልፎ አልፎ ሆነ፣ ኋላ ስልኩ ጭራሽ ዝም አለ። አሠሪዎቹ ሲጠየቁ "ሥራውን ለቋል" አሉ፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ ጠፋ። አምስት ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ቤት ይበላሉ፣ በአንድ ቤት ያድራሉ፣ ስሙን ግን አያነሡም። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። የጠፋውን ግን ረጅምም ነበር አጭርም ነበር ለማለት ሰው ይፈራል፤ "ነበር" ማለት ራሱ ያስፈራላ።

ባለፈው ዓመት ደግሞ አናጢው መጣ። የቢሮዋን በር ሊያስተካክል መጥቶ ከእሷ ጋር ተዋወቀ፣ ከዚያ የቤታቸውን መስኮት ለማየት ብቅ ይል ጀመር። ዝምተኛ ነው፣ እጁ እንጨት እንጨት ይሸታል። አንድ ቀን መዶሻውን አስቀምጦ "እንጋባ" አላት።

"ሕጉ አይፈቅድልኝም። ባለ ትዳር ነኝ" አለችው።

ጥሩ መልስ ነበር። እምቢታም አይደለም፣ እሺታም አይደለም። አናጢውም ራሱን ነቅንቆ ወደ ሚስማሩ ተመለሰ። እሷ ደግሞ ያችን መልስ ጣሪያ አድርጋ ከሥሯ ተቀመጠች። አሁን ግን ሕጉ ራሱ ሊለወጥ ነው፣ ጣሪያው ሊነሣባት ነው። ሕጉ ከጸደቀ ወይ ለአናጢው "አልፈልግህም" ትላለች፣ ወይ ለአማቷ "ልጅዎን ሞተ በሉልኝና እኔ ልሂድ" ትላለች። ሁለተኛውን አሮጊቷ ፊት ቆማ ከምትናገር ምላሷ ቢቆረጥ ትመርጣለች። አናጢውን እንደማትፈልገው አድርጋ ግን ለራሷ እንኳ መዋሸት አልቻለችም፤ ትወደዋለች።

"እኔ የማይገባኝ፣" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ "ሞተ ተብሎ ካበቃ በኋላ ሰውየው ጢሙን አሳድጎ ከተፍ ቢልስ?"

"ከተፍ ካለማ ሞቱ ይሰረዝለታል። ከንብረቱ የተረፈውን ይረከባል። ሚስቱ አግብታ ከቆየችው ግን አዲሱ ትዳር ይጸናል ማለት ነው።"

"ታዲያ ምን ሊሠራ መጣ!"

"ጢሙን ሊላጭ ነዋ፣ አንተ ዘንድ!" አለች አጠገቡ ያለችው ዳቦ ሻጭ። ሳቁ ጋብ ሲል እሷው ወደ መድረኩ ዞረች። "እህቴ፣ ለእኔ በምሳሌ ካልሆነ አይገባኝም። አንድ ሰው ፍጠሪልን።"

አስረጂዎች ምሳሌ የሚሰጡት በእገሌ ነው። እገሌ መልክ የለውም፣ ሰፈር የለውም፣ አመል የለውም። "የእኔን ጉድ አደባባይ አወጣችብኝ" የሚል ሰው እንዳይመጣ ሆን ተብሎ ባዶውን የሚተው ፍጥረት ነው። እሷ ስንቱን እገሌ አጋብታለች፣ ስንቱን አፋታለች፣ ስንቱን እገሌ በውሻው ምክንያት አስቀጥታለች።

"እሺ፣ እገሌ እንበል" አለች። "እገሌ አንድ ጠዋት ለሥራ ብሎ ከቤቱ ወጣ እንበል።"

"ሥራው ምንድን ነው?"

"ምንም ይሁን። ወጣ። ጫማውን... ጫማውን ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አሰረ። እናቱ ወለላቸው በጫማ እንዲረገጥ አይወዱም።"

ይህን ለምን እንደጨመረች አላወቀችም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ በስሱ ይንሾካሾካል፣ ብርሃኑ ወርቃማ ሆኗል፣ ድምጿ ከኋላ ለስልሶ ተመለሰላት። ያችን ከሩቅ የምትናገረውን ሴት ማስቆም አልፈለገችም።

"ሻይ ሲጠጣ አያማስልም፣ እገሌ። እንዲሁ ይጠጣና ብርጭቆው ሥር የቀረውን ስኳር በማንኪያ ጠራርጎ ይበላል። ያን ዕለትም በላ። ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው። 'ስደርስ እደውላለሁ' አለ። ደወለም። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። አንድ ቀን ግን..."

አንድም ሰው አልሳቀም። ዳቦ ሻጯ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ፀጉር አስተካካዩ ወደ መሬት ያያል። ያን ጊዜ ነቃች፣ ክው አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ወደ ሦስተኛው ረድፍ ለማየት ፈርታ ፈርታ አየች። አማቷ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው ያዳምጣሉ፤ ከንፈራቸው ላይ ከስንት ዘመን በኋላ የታየ ፈገግታ አለ።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አለች። "እገሌን... እገሌን ነው የምለው።"

ማንም አላመናትም።

አማቷ ዓይናቸውን ገለጡና ጃንጥላቸውን ወደ ላይ አነሡ። "እኔ አስተያየት አለኝ።"

"ይናገሩ፣ እማማ" አለ ሰብሳቢው። ማይክሮፎን ተወሰደላቸው። ሁለት እጃቸውን ደራርበው ያዙት።

"ፍርድ ቤቱ ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ ምን ብሎ ነው የሚጽፈው?"

መመለስ የእሷ ሥራ ነው። "እንደ ሞተ ይቆጠራል... ብሎ ይጽፋል፣ እማማ።"

"እሱን አልወደድኩትም።" አሮጊቷ ትንፋሽ ወሰዱ። "እኔ በየጠዋቱ በሬን የምከፍተው እያሰብኩት ነው። ሞተ ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ በሩን ምን ብዬ እከፍተዋለሁ? ግን ደግሞ የሰው ልጅ ከእኔ ጋር ታስራ ስትቀር ዓይኔ ያያል። እኔን እንዳይከፋኝ ብላ ደስታዋን እንኳ ደጅ ትታ ነው የምትገባው። ዛሬ ደግሞ ልጄን እንዴት አድርጋ እንዳነሣችው ሰማችሁ። እንዲህ ያለችውን ልጅ ለመልቀቅ የግድ እሱን መግደል አለብን? ሞተ አትበሉት። ጠፋ በሉት፣ እሷን ግን ፍቱልኝ። ሕግ ይሄን ያህል አቅም የለውም?"

ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ መልሶ አደረገው።

"ይህ ነገር በረቂቁ ውስጥ አለ?"

"የለም" አለች እሷ።

"ያልሞተ ሰው ሚስት ትፈታ ማለት ነው እንግዲህ አስተያየቱ። እንደ ደንባችን በቀላሉ ድገሚላቸውና ልክ ነው ይበሉ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲያዝላቸው።"

ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። "እናትየዋ የሚሉት፣ ልጃቸው... ልጃቸው ይጠበቅ። ምራታቸው ግን... ትሂድ..." ከዚህ በላይ አልቻለችም። "ማለት ነው" ሳትልበት ዓረፍተ ነገሯ ተንጠልጥሎ ቀረ።

"ኧረ አላልኩም!" አሉ አማቷ። "ትሂድ ማን አለ? ትፈታ ነው ያልኩት። ከቤቴ ማን አስወጣት? ካገባች ይዛው ትግባ፣ ቤቴ ሰፊ ነው!"

ሳቅና ጭብጨባ አንድ ላይ ፈነዳ። አሮጊቷ ተቆጥተው ግራ ቀኝ አዩና ተቀመጡ።

"በሉ፣" አለ ሰብሳቢው፣ "የእማማን አስተያየት የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።"

ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከመድረኩ ወረደችና በሰዎች ጉልበት መካከል እየተሽሎከሎከች ሦስተኛው ረድፍ ደረሰች። አማቷ ጃንጥላቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁላት። እንባዋን መያዝ ትታለች፤ ይፈስሳል። አሮጊቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

"ያ አናጢ መስኮቴን ሦስት ጊዜ ጠገነልኝ" አሉ በሹክሹክታ። "አንድም ቀን ተሰብሮ አያውቅም እኮ። ሞኝ መሰልኳችሁ?"

"እማማ..."

"ዝም በይ፣ ሰው እየተቆጠረ ነው።"

እጆች በየረድፉ ወጥተዋል። ሰብሳቢው በእርሳሱ ጫፍ እየጠቆመ ሲቆጥር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ደረሰና ቆመ።

"አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? አስረጂ ድምፅ አይሰጥም እኮ።"

"አውቃለሁ" አለች። "ከዚህ በኋላ ያለውን ሌላ ሰው ያስረዳ።"

እጇን አነሣች፤ እስኪቆጥራትም አላወረደችም።